የዳለቻ እንከን

ሻጩ ፊቱን ገና መታጠቡ ነው፤ ፎጣው ትከሻው ላይ አለ። «ከትናንት ጀምሮ ሞተሯ አልተነሳም፣ ወላሂ» አለኝ። እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። ሲዋሽ ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። እጄን አንስቼ ወደ ጭስ ማውጫው ማርሚታ ዞርኩ።

ሮቤ ውስጥ ያገለገለ መኪና ለመግዛት መዞር ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ይዤው የምዞረው መካኒክ ወጣት ነው፤ ሥራውን ያውቃል፣ ወሬ ግን ያበዛል። የዘይቱን ክዳን ፈትቼ ሳሸተው አይቶ «እህቴ፣ ይኼን ሁሉ ከየት ተማርሽው?» አለኝ። ወደ ኋላ ይዞኝ የሄደው እንግዲህ ያ ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት፣ እርጥብ ሸራና የገብስ አቧራ። የገብሱ አቧራ እንኳ እዚያ አልነበረም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ግራጫ ፒክአፕ ነበረችው። ስሟ ዳለቻ ነው። ዳለቻ የፈረስ መልክ ነው እንጂ የመኪና ስም አይደለም፤ አያቴ ግን ፈረስ ነጋዴ ስለነበሩ አባቴ ሌላ ዓይነት ስም አያውቅም ነበር። ከአጋርፋ ገብስና ስንዴ፣ ከጎባ ሽንኩርትና ጎመን እየጫነ ወደ ሮቤ ገበያ ያመላልስባታል። የምንበላውም የምንለብሰውም ከሷ ነበር።

የማወራው ስለ አንድ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የሁለተኛ ክፍል ካርዴን ይዤ ስገባ አባቴ ካርዱን አላየውም። «ኢንተሎ፣ ከነገ ጀምሮ ረዳቴ አንቺ ነሽ» አለኝ። ኢንተሎ በኦሮምኛ ልጅቷ እንደማለት ነው። ስሜ ሀዊ ቢሆንም በስሜ የሚጠራኝ ሲቆጣ ብቻ ነበር። እናቴ «ሴት ልጅ ጋቢና ውስጥ ምን ትሠራለች?» ብላ አጉረመረመች፤ እሱ «ታጫውተኛለች» አላት። እኔን ሌሊቱን ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ።

የምጫወተው ደግሞ እውነተኛ ጨዋታ ነበር። ስሙን «ዳር ዳር» ብለነዋል። እሱ ፊት ለፊት ያለውን ይጠብቃል፤ እኔ ከቀኝና ከግራ ወደ መንገዱ የሚገባውን ሁሉ ቀድሜ እጠራለሁ። «በስተቀኝ፣ ጋሪ!» «በስተግራ፣ ጥጃ!» «በስተቀኝ፣ ባጃጅ! አይ፣ ቆመ።» ቀድሜ ከጠራሁ ከረሜላ አለኝ። አንድ ቀን እንኳ አሸንፎኝ አያውቅም። «ስፖኪዮው ላይ አታየውም እንዴ?» ስለው «ስፖኪዮ ውሸታም ነው፣ ካንቺ አይበልጥም» ይለኛል። ሁልጊዜ መሸነፉ አሳዝኖኝ አንዳንዴ ዝም ብዬ ላሸንፈው ልተወው አስብ ነበር። ከረሜላው ስለሚጣፍጥ አልሆነልኝም። አላህ በከረሜላ ነው ያተረፈን።

እውነቱን አሁኑኑ ልናገረው፤ ሰው ማንጠልጠል አልወድም። አባቴ ዳር ዳሩን አያይም ነበር። ፊት ለፊቱን ደህና አድርጎ ያያል፤ ከግራና ከቀኝ ያለው ግን በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ጠፍቶበታል። አንድ ሐኪም «የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ መሪ መያዝ ይቅርብህ» ብሎታል። ይህን ለእናቴም ለማንም አልነገረም። ሮቤ ውስጥ «ከድር ሾፌሩ» ነበር የሚባለው፤ ሾፌሩ ሲቀር ከድር ብቻውን ምን እንደሚሆን እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ስለዚህ ዳለቻን ሸጦ የእህል መጋዘን ሊከፍት፣ እስክትሸጥ ድረስ ደግሞ እኔን ጎኑ አስቀምጦ ሊነዳ ወሰነ። ዳለቻ ሳትሸጥ ባደረች ቁጥር እኔና እሱ በማግስቱ መንገድ ላይ ነን።

እናቴ መዲና ነገሩን በሌላ ተረጎመችው። «ደክሞኛል፣ ልሸጣት ነው» ሲላት የወጥ ማማሰያውን እንደያዘች ዞረች።

«ደክሞኛል? ዳለቻ ናት የምትሮጠው፣ አንተ ምን ሆነህ ይደክምሃል?»

አባቴ የጫማውን ክር መፍታት ቀጠለ።

«አጋርፋ ሌላ ሚስት አስበህ ከሆነ በግልጽ ንገረኝ። ተሸፋፍኖ የሚሠራ ነገር አልወድም።»

አባቴ ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጋርፋ ደርሰን በተመለስን ቁጥር እናቴ እኔን ወደ ጓዳ ትስበኝና ማን ማን ቤት እንደገባን ትጠይቀኛለች። «ወፍጮ ቤት» እላታለሁ። «ወፍጮ ቤት ሴት አለች?» ትለኛለች። አሉ እላታለሁ፤ እህል ያስፈጩ ነበርና ሴቶች ሞልተዋል።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ የጎባ አስተማሪ ነበር፣ መካኒክ ይዞ። መካኒኩ በሮቹን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ እያደረገ ዞረ። ቆርቆሮው ከጮኸ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ግን ተመትቶ በስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው። እኔ ይህን መቼ አውቄ! ውስጥ ሰው ያለ መስሎት የሚያንኳኳ ስለመሰለኝ «ማንም የለም!» አልኩት። ቀጥሎ ጎማዎቹን በመዳፉ ዳበሰ፤ ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ሻንሲው ጠማማ ሊሆን ይችላል። በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ። ማርሚታው ውስጥ ጣቱን ከትቶ ጥቀርሻውን አየ። በየደረሰበት ምላሱን ጥ ጥ ያደርጋል። የሚሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ የሚባለው ለዳለቻ ነው።

አባቴ ግን መካኒኩ እስኪደርስበት አልጠበቀም። «የግራው በር ሐረና ቁልቁለት ላይ ዛፍ ገጭቷል። ሦስተኛ ማርሽ ሲበርዳት ታንገራግራለች። ራዲያተሯ ተበይዷል። ሲዘንብ በቀኝ መስኮት ውሃ ታስገባለች» አለ። እናቴ ደጃፉ ላይ ሆና ጉሮሮዋን ጠራረገች። እሱ ቀጠለ፤ የቀረ ቡሎን የለም።

ይህን የወረሰው ከአያቴ ነው። አያቴ ፈረስ ሲሸጡ ገዢው ጥርሱን ገልጦ ከማየቱ በፊት እንከኑን ራሳቸው ይናገሩ ነበር፤ ይነክሳል፣ ወንዝ ይፈራል፣ ከኋላው አትሂድበት። እንከን ደብቆ የሸጠ የሚበላው ሐራም ነው። ፈረስ ገበያ ላይ ይህ ያስከብራል። መኪና ላይ ለካ ሌላ ነው። አስተማሪው መካኒኩን ወደ ጥግ ሳበና፣ እኔ እግራቸው ሥር ቆሜ፣ «ይኼን ሁሉ በአፉ የነገረን ሰውዬ ያልነገረን ምን ቢሆን ነው?» አለው። ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

«ምላስህን ብትሰበስብ ምን ነበረበት?» አለች እናቴ።

«ሐራም ልብላ?»

«አትብላ። ዝም በል ነው ያልኩህ። ዝምታ ከመቼ ጀምሮ ነው ሐራም የሆነው?»

አባቴ ባልዲ አንስቶ የዳለቻን ጎማ ሊያጥብ ወጣ።

እናቴ ወንድሟን ጠራች። አጎቴ ጀማል ደላላ ነው፤ ቤት፣ በግ፣ ሞተር ሳይክል፣ የሚሸጥ ነገር ይሁን እንጂ አይመርጥም። አባቴን «አንተ ገዢ ሲመጣ መስጊድ ሂድ» ብሎ አዘዘው። የሮቤ የጠዋት ብርድ ይታወቃል፤ ዳለቻ በዚያ ብርድ ለመነሳት ታስለምናለች፣ ስትነሳም ነጭ ጭስ ትለቃለች። ስለዚህ ጀማል ገዢ ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ያሞቃትና አጥፍቶ፣ ምንም እንዳልተደረገ እጁን ኪሱ ከቶ ይጠብቃል። ገዢዎቹ ደግሞ መጥተው መጀመሪያ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። እንዳሳረፉ ፊታቸው ይጠቁራል። እናቴ እጇን ግንባሬ ላይ አሳርፋ ፊቷ የሚጠቁረው ሲያተኩሰኝ ነው። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ፤ ዳለቻ ትኩሳት ይዟታል።

እናቴ ለኔ የምታደርገውን አደረግሁላት። ሻሼን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ኮፈኑ ላይ አነጠፍኩት። ሻሹ ይተን ጀመር። በዚህ መሃል አንድ ባለወፍጮ ሊያያት ገባ፤ ጀማልም ከፊት ከፊቱ እየሄደ «ከትናንት ወዲህ ቁልፍ አልነካትም» ይለዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ባለወፍጮው እንፋሎቱን አይቶ።

«አተኩሷታል» አልኩ። «አጎቴ ጠዋት ካስነሳት ጀምሮ።»

ሰውዬው ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲሉ ነበር የምሰማው፤ ለካ ልጅም ታወጣዋለች» አለና ጭንቅላቴን ዳብሶኝ ሄደ። አልገዛም። ጀማል ወደ እናቴ ዞሮ «እባክሽ መዲና፣ ገዢ ሲመጣ ይቺን ልጅ ቆልፊባት» አላት።

ቀጥሎ የመጣው የአጋርፋ የእህል ነጋዴ ቁም ነገረኛ ነበር። ነድቶ አያት። ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር ሻንሲው ላይ ከተቀረጸው ጋር አስተያየ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ቀድሞ አጣርቷል። ያን ቀን አባቴ መስጊድ አልሄደም፤ እንከኗን ሲዘረዝርለት ሰውዬው «የሚናገር ሻጭ ይሻላል» አለ። እናቴ ደስ ብሏት እኔን ያለምክንያት ሳመችኝ። ዋጋ ተስማሙ። ነጋዴው አግዳሚው ላይ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ነበርና ነገሩን በጭብጨባ ሊያስር እጁን ዘረጋ።

አባቴ ፊት ለፊቱ ዳለቻን እያየ ነው። የነጋዴው እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

በእኛ አገር የተዘረጋ እጅ የሚተወው የደም ጠላት ነው፤ እሱም ሽማግሌ ከገባ ይጨብጣል። ነጋዴው እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። «ካልፈለግህ በአፍህ ትነግረኝ ነበር እንጂ» ብሎ ተነሳ። አባቴ ምን እንደተፈጠረ የገባው የግቢው በር ሲዘጋ ነው።

እናቴ ያን ዕለት አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ልትሸጥ አትፈልግም። ሰው ፊት አዋረድከን። ምን እንደሆንክ እንኳ አትነግረኝም» አለችው። አባቴ አፉን ከፈተ። ሊነግራት እንደነበር አሁን አውቃለሁ። መልሶ ዘጋው። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል፤ ዳለቻ ካልተሸጠች ጨዋታችን ይቀጥላል።

በማግስቱ ከጎባ ስንመለስ ጉም ከሳነቴ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሞልቶት ነበር። አባቴ ከመሪው ላይ አጎንብሶ ይነዳል፤ ጋቢናው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። በስተቀኝ ካለው የባሕር ዛፍ አጥር አንድ ነገር ሲወጣ አየሁ።

«በስተቀኝ፣ ልጅ!»

ፍሬን ያዘ። ከኋላ የሽንኩርቱ ጆንያ ጋቢናውን ጓ አደረገው። ልጁ አሮጌ ጎማ በእንጨት እየነዳ የገባ ነው፤ ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ አየን፣ አየንና ጎማውን እየነዳ ሄደ። አባቴ ሞተሩን አጠፋ። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ። የበረደው መስሎኝ ጋቢውን ስቤ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረግሁለት።

«አሸነፍሽ» አለኝ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ከረሜላ በሙሉ አውጥቶ ጭኔ ላይ አፈሰሰው። እንደዚያ ቀን ሀብታም ሆኜ አላውቅም።

ኦቦ አማን የመጡት በማግስቱ ነው። ከሳነቴ ማዶ፣ አንገቱ የምትባል ከተማ ሰው ናቸው፤ ቡናና ማር ይነግዳሉ፤ ሽማግሌ ቢሆኑም ከድሮ ፈረሰኛነታቸው ወገባቸው አልጎበጠም። ጎባ አድረው፣ ሱብሂ ሰግደው፣ መሪ የሚይዝላቸውን ልጃቸውን አስከትለው በራችንን አንኳኩ። ጀማል ገና አልመጣም፤ ስለዚህ ዳለቻን ያሞቃት የለም።

«አካም ቡልተኒ» ብለው እንደምን አደሩ ተባባሉ። እናቴ «ይግቡ፣ ሻይ ይቅመሱ» አለቻቸው።

«መጀመሪያ እሷን ልያት፣ ልጄ። የሰው ሻይ ጠጥቼ የሰው መኪና መንቀፍ አይሆንልኝም» አሉ።

እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። በረዶ ነው። «ጎሽ» አሉ። ልጃቸው ሲያስነሳት ከኋላዋ ቆመው ጭሱን ጠበቁ። የጠዋት ነጭ ጭስ የብርድ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልቀረ ውሃ እየበላች ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ የምትበላው ዘይት ነው። ጭሱ ሳሳ፣ ከዚያ ቀረ። የዘይቱን ክዳን ከፍተው ውስጡን አዩ፤ ወተት የመሰለ ዝቃጭ የለም። «የምትወጣልኝ የሳነቴን ዳገት ነው» ብለው ልጃቸውን ወደ አቀበቱ ላኩት። ተመልሶ «ትጎትታለች» አለ። አባቴ እንደልማዱ እንከኗን ዘረዘረ፤ ሽማግሌው በእያንዳንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሲጨርስ «ከድር» አሉት፣ «የሷን ሁሉ ነገርከኝ፤ አላህ ይስጥህ። አንድ ነገር ቀረ። ለምን ትሸጣታለህ?»

ይቺን ጥያቄ እኔም ዛሬ መኪና ስመረምር ለመጨረሻ አቆያታለሁ። ከሁሉም ምርመራ እሷ ትበልጣለች።

«ደክሞኛል» አለ አባቴ።

«የደከመው ሰው ጎማ አጥቦ አይጠብቅም።»

«ደክሞኛል ነው ያልኩዎት።»

እናቴ የሻይ ትሪ ይዛ ወጥታለች። ጀማልም ዓይኑን እያሻሸ ደርሷል። ሽማግሌው «እንግዲህ ቃልህን ልመን» አሉ። በዋጋው ተስማሙና ከጎኑ እንደቆሙ እጃቸውን ዘረጉ።

አባቴ ዳለቻን እያየ ነው።

ጀማል «ያ አላህ» አለ በሹክሹክታ። የኦቦ አማን እጅ አሁንም ተዘርግቷል። እኔ ደግሞ አጥሩ ላይ ተቀምጬ ሁሉን ከላይ አያለሁ፤ እንደ ሁልጊዜው ጮህኩ።

«አባዬ፣ በስተቀኝ፣ እጅ!»

አባቴ ወዲያው ወደ ቀኝ ዞረ። እጁን ሰደደ፤ መጀመሪያ የኦቦ አማንን ክንድ መታ፣ ከዚያ መዳፋቸውን አገኘ።

«ምንድን ነው ያለችው?» አለች እናቴ።

«ጨዋታችን ነው» አልኩ። «አባዬ ዳር ዳሩን አይችልበትም፤ እኔ ነኝ የምነግረው። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማሸንፈው።»

ኦቦ አማን የያዙትን እጅ አልለቀቁም። በግራ እጃቸው ከአባቴ ጆሮ አጠገብ ጣቶቻቸውን አወዛወዙ፤ ፈረስ የሚገዛ ሰው ፈረሱ ማየቱን የሚያውቀው እንዲህ ነው። የአባቴ ዓይን አልተርገበገበም። ሽማግሌው እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ዳለቻ ደህና ናት» አለ አባቴ። «የነገርኩዎት ሁሉ እውነት ነው። የደበቅኩት አንድ ነው። እንከኑ እኔ ነኝ፤ ዳር ዳሩ አይታየኝም።»

እናቴ ትሪውን መሬት አስቀመጠች። «ልጄን ይዘህ?» አለች። «ክረምቱን ሙሉ፣ ልጄን ጎንህ አስቀምጠህ?» ወደ እሱ ሄደች። የምትመታው መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዙራዋለች።

«እኔስ እታይሃለሁ?»

«አንቺ ትታይኛለሽ» አለ። ከዚያ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በጣም ፈራሁ።

ኦቦ አማን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ትንሽ ቆዩ። በኋላ «እሱ እንከን ከመኪናዋ ጋር አይሄድም» አሉ። ከተስማሙበትም አልቀነሱም። ሻዩን ቁጭ ብለው ጠጡ።

ዳለቻ ረፋዱ ላይ ሄደች። አባቴ የግቢው በር ላይ ቆሞ፣ ፊት ለፊቱ እስካለች ድረስ አያት። ወደ ጎባው መንገድ ስትታጠፍ ከዓይኑ ወጣች። ጭንቅላቱን ግን አላዞረም።

«ኢንተሎ፣ የት ደረሰች?»

«በስተቀኝ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ» አልኩ። «ጋሪ መጣባት። አሳለፈችው። ፍየሎች አሉ፣ ቆመች። አለፉ። አሁን ጉሙ ውስጥ ገባች።»

«አሁንስ?»

ፈለግኋት። የምጠራው ነገር አጣሁ።

«አሁን እኔም አላያትም» አልኩት።

«እንግዲያ ዛሬ እኩል ነን» አለኝ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ባዶ ነበር። ከትናንቱ ከረሜላ የተረፈኝን አንዱን ላጥኩና ከፊት ለፊቱ ቆሜ፣ እንዲያየው ከፍ አድርጌ ያዝኩለት።